አገር ቤት የልጅ ልብስ ልትገዙ ላሰባችሁ

አገር ቤት ቆይተን ከተመለስን ገና ቅርብ ነው። ከቤተሰብ ጋር ያሳለፍነው ጊዜ በጣም ደስ ይል ነበር። አንድ ልብስ ቤት ያደረሰብን ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ አንብቡት።

የልጄ ልብስ ያለበት ሻንጣ ከእኛ ጋር አልደረሰም። አየር መንገዱ ዘግይቶም ቢሆን አመጣልን፤ በእሱ ብዙም አላማርርም። ልጄ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ናት። የሚቀየርላት ስላልነበረ ወዲያው መግዛት ነበረብን። ዘመድ "ጥሩ ዕቃ አለው" ያለንን ሱቅ ይዘን ሄድን። ሱቁ ሲታይ ያምራል፤ የተደረደረው ሁሉ የውጭ ብራንድ ነው።

ሻጩ ልጅቷን ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። "እህት፣ ስንት ወሯ ነው?" አለ። ነገርነው። ከየብራንዱ "12 ወር" የሚለውን እየለቀመ ጠረጴዛው ላይ ከመረልን። ትለካው ብንለው እሽጉ ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው አለ። "ሁሉም 12 ወር ነው፣ ሁሉም እኩል ነው" ብሎም ማለልን።

እኩል አልነበረም። ፔቲ ባቶ የሚለውን ፒጃማ ማታ አለበስኳት። ከዳይፐሩ በታች ያሉት ቁልፎች አልገናኝ አሉ። እንደምንም ስቆልፈው የእግር ጣቶቿ ተጣጥፈው ቀሩ። ስታለቅስ ቶሎ አወለቅኩት፤ ጭኗ ላይ የስፌቱ መስመር ቀልቶ ታትሞ ነበር። የካርተርሱ ልክ ሆናት። ሌላው ሱሪ ደግሞ ስትድህ ከወገቧ እየወረደ አስቸገራት። ሦስቱም ላይ የተጻፈው ያው 12 ነው።

ልብሶቹ ላይ ምንም ችግር የለም። እያንዳንዱ ብራንድ ልብሱን የሚሰፋው በራሱ ልክ ነው፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልክ እንዲጠቀሙ የሚያስገድዳቸው የለም። ፈረንሳዩ ፔቲ ባቶ 12 ወር የሚለው ቁመቷ 74 ሴንቲሜትር ለሆነ ልጅ ነው። ዛራ እና ኤች ኤንድ ኤም ጋ ግን 74 ማለት ከ6 እስከ 9 ወር ነው። እነሱ ከ9 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ የሚሰጡት 80 ነው። አሜሪካኖቹ ካርተርሶች 12 ወር ብለው ሲጽፉ ከ9 እስከ 12 ማለታቸው ነው፤ ቁጥሩ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከቻይና የሚመጣው ብዙ ጊዜ 73፣ 80፣ 90 እያለ በቁመት ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው የእድገት መለኪያ የዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት 74 ሴንቲሜትር ነው፤ የወንዱ 75.7። እንግዲህ መካከለኛ ቁመት ያላት የዓመት ልጅ እንኳን ያን ፒጃማ ጥርቅም አድርጋ ትሞላዋለች። የእኔዋ ደግሞ ረዘም ትላለች። የልጅ ልብስ እየሸጠ የሚኖር ሰው ይሄን ማወቅ ነበረበት።

ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ያልተከፈቱትን እሽጎች ከነደረሰኛቸው ይዘን ተመለስን። ገንዘባችንን መልሱልን አላልንም፤ በትልቅ ሳይዝ ቀይሩልን ነው ያልነው። "ባለቤቱ የለም፣ ከሰዓት ኑ" ተባልን። ከሰዓት ስንሄድ "ነገ"። በነጋታው ባለቤቱ ተገኘ። ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት በጣቱ አሳየን፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። በምንገዛበት ቀን ልብስ ተሰቅሎበት ስለነበር አይታይም። ልጅቷ በእጄ ላይ ትነጫነጫለች፣ እህቴ "ተይ እንሂድ" ትላለች፣ እኔ ግን እንቢ አልኩ። በስንት ክርክር "ለእናንተ ስንል" ብሎ ተስማማ። ከዚያ "የልዩነት ትከፍላላችሁ" አለ። የምን ልዩነት? መደርደሪያው ላይ ያለው ትልቁ ሳይዝ የተለጠፈበት ዋጋ ከእኛው ጋር አንድ ነው። አሳየሁት። "እሱ የድሮ ነው" አለና ዓይናችን እያየ ልጦ በእስክሪብቶ ሌላ ጻፈበት። ልጄ የምትለብሰው ስላልነበራት ከፈልን። ለጨመርነው ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ሳቀብኝ።

እኔ በምኖርበት አገር የልጅ ልብስ ካልተለበሰ ደረሰኙን ይዞ መሄድ ነው፤ ማንም ፊት አይነሳም። አገሬን ስናፍቅ ኖሬ፣ በገዛ ቋንቋዬ እየተነጋገርኩ እንዲህ መደረጌ ነው የከፋኝ። ከውጭ መምጣታችንን ሲያውቅ ዋጋው የተለወጠ ይመስለኛል።

ደግነቱ ሌላም ሰው አገኘን። ጠበብ ያለች ሱቅ ናት፤ ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። ስለ ወሯ ከመጠየቃቸው በፊት "እስቲ ልጄ፣ እዚህ አስተኚያት" አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፉ። ጉልበቷን ቀስ ብለው ዘርጋ አድርገው ከአናቷ እስከ ተረከዟ በሜትር ለኩ። ከዚያ ሜትሩን ከትከሻዋ በዳይፐሩ ሥር አሳልፈው ከጀርባዋ መልሰው ትከሻዋ ላይ አገናኙት። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ሙሉ ልብስ የሚጠብበው እዚህ ጋ ነው አሉ፤ ዳይፐር ቦታ ይወስዳል። ልብሱንም ዘርግተው ለኩት። የአንዱን ብራንድ 12 ወር በሌላው 80 ላይ ደርበው አሳዩኝ። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚገባ፣ እግሩ የተዘጋ ፒጃማ ከጣቶቿ አልፎ ትንሽ ትርፍ ይኑረው አሉ።

ለሚቀጥለው ዓመትም ይሁናት ብዬ ሰፊ ፒጃማ ሳነሳ አልሸጥም አሉኝ። "አንገቱ ሰፊ ነው፣ ተኝታ ፊቷ ላይ ይወጣባታል።" ገበያቸውን ትተው የልጄን እንቅልፍ አሰቡ። ሳልጠይቃቸው ደረሰኙ ጀርባ ላይ "ካልሆነ ይቀየራል" ብለው ጽፈው ፈረሙበት። እዚህ በስንት ትልልቅ ሱቆች ተስተናግጃለሁ፤ እንደ እሳቸው ያስተናገደኝ የለም።

ከመሄዳችሁ በፊት ልጃችሁን አስተኝታችሁ ለኩና በሴንቲሜትር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አሁን ልክ የሆነውን አንድ ሙሉ ልብስም ከትከሻው እስከ ታችኛው ቁልፍ ለክታችሁ ያዙ። ሻጩ ስንት ወሩ ነው ሲላችሁ ቁመቱን ንገሩት። መቀየር ይቻል እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ይቻላል ካለ ደረሰኙ ላይ ያስፍረው።

ለዘመድ ልጆች ልብስ ይዛችሁ የምትሄዱም "ሁለት ዓመቱ ነው" በሚል ወሬ ብቻ አትግዙ። የአሜሪካ ልብስ ላይ 24 ወር እና 2ቲ የሚሉ ሁለት ሳይዞች አሉ። 2ቲው ብዙ ጊዜ ቆሞ ለሚሄድ ልጅ የተሰፋ ነው፤ ለዳይፐር የሚተወው ቦታ ያንሳል። ልጁ ዳይፐር ካልተወ 24 ወሩን ያዙለት። ቁመቱን አስለክታችሁ በመልእክት አስልኩ፤ ጥርጣሬ ካላችሁ ደግሞ አንድ ሳይዝ ከፍ አድርጉ። ሰፊውን ይደርስበታል፤ የጠበበውን ግን ከዚያ መልሶ የሚቀይርለት የለም።