ዋሌቱ ውስጥ ያለው «ግዛ» የሚለው ቁልፍ የማን ነው?

የአክስቴ ልጅ ክረምቱን ከቨርጂኒያ መጥቶ ነበር። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ያለች አንዲት ካፌ ቁጭ ብለን ስልኩን አወጣና «ባንክ ድሮ ቀረ» አለኝ። አንድ የታወቀ የክሪፕቶ ዋሌት፣ ማለትም ኮይን የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበት መተግበሪያ፣ ጭኗል። ውስጡ «ግዛ» እና «ሽጥ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የመቶ ዶላር ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ኮይን) በካርዱ ገዝቶ ሊያሳየኝ ተወራረድን። የገጠመንን ልንገራችሁ። የዋሌቱን ስም ትቼዋለሁ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ እኔ የራሴን ካርድ አላወጣሁም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን፣ የአገሪቱ መገበያያም ብር ብቻ መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ ካርዱም፣ የባንክ ሒሳቡም፣ ፓስፖርቱም የእሱ ነው፤ የአሜሪካ። እኔ ተመልካች ነበርኩ።

ቁልፉን ሲጫኑት የሚሸጠው ዋሌቱ ይመስላል። አይደለም። ዋሌቱ ደላላ ነው። መርካቶ መንገድ ላይ «ምን ልፈልግልህ?» ብሎ እጃችሁን ይዞ ሌላ ሰው ሱቅ የሚያስገባችሁ ልጅ አለ አይደል? ልክ እንደዚያ። ሱቆቹ እነ ሙንፔይ፣ ትራንሳክ፣ ባንክሳ፣ ሜርኩሪዮ ናቸው። ካርዱን የሚቀበሉት፣ መታወቂያ የሚጠይቁት፣ ኮይኑን የሚልኩት እነሱ ናቸው። ዋሌቱ ኮይኑ የሚገባበትን አድራሻ ያቀብላቸውና ዞር ይላል።

ዋሌቱ ስልኩ አዲስ አበባ መሆኑን ሲያውቅ የሻጮቹ ዝርዝር አጠረ። አገሩን ወደ አሜሪካ ሲቀይረው ሦስት ሻጭ መጣ። አንደኛው በመቶ ዶላር 94 ነጥብ 2 ዩኤስዲቲ ይሰጣል፤ ክፍያውንም ለብቻው ቁጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው «ክፍያ ዜሮ» ብሎ በትልቁ ጽፏል። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሎት ሊጫነው ሲል ከታች ያለውን ቁጥር አየሁት፤ 92 ነጥብ 8። ክፍያውን ምንዛሪው ውስጥ ደብቆታል ማለት ነው። ለማንም የምለው ይኼንኑ ነው፤ ክፍያ የሚለውን መስመር ተዉትና መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባውን ቁጥር ብቻ አወዳድሩ። ሦስተኛው የባንክ ዝውውር ይቀበላል፣ ረከስ ይላል፣ ግን ቀን ይፈጃል። እኛ ደግሞ ውርርድ ላይ ነን።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ፓስፖርት ፊትና ጀርባ፣ ሰልፊ፣ ፊትህን ወደ ግራ አዙር፣ ወደ ቀኝ አዙር። አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አስቀምጠው ያዩት ጀመር። ይኼ አለፈ። ቀጥሎ የአሜሪካው ባንክ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር) ላከ፤ የላከው ግን ወደ አሜሪካው ቁጥር ነው፤ ሲም ካርዱ ደግሞ ሮሚንግ ስላልነበረው ኪሱ ውስጥ ተኝቷል። «ባንክ ድሮ ቀረ» ያለኝ ሰው የባንኩን መልእክት ሲጠብቅ ማኪያቶው በረዶ ሆነ። ሒሳቡን እሱ ከፈለ፤ በብር።

ማታ ሆቴሉ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ኦቲፒውን አገኘና ከፈለ። መቶ ዶላሩ ከካርዱ ተቆረጠ። ኮይኑ የለም። ዋሌቱን ሲጠይቅ «ግዢው የሦስተኛ ወገን ነው፣ ሻጩን አነጋግሩ» አሉት። ሻጩ «ከባንክዎ ማረጋገጫ እየጠበቅን ነው» አለ። ባንኩ ደግሞ «እኛ ጨርሰናል»። ሦስቱም አነጋገራቸው ጨዋ ነው፣ ግን ኃላፊነቱ የእኔ ነው የሚል አንድም የለም። መጨረሻ ላይ የሠራልን ነገር ሻጩ በኢሜይል የላከው የትእዛዝ ቁጥር ነው። ያንን ይዞ ለሻጩ ሲጽፍ በማግስቱ ከሰዓት ኮይኑ ገባ። የዋሌቱ ስክሪንሾት ምንም አልፈየደም።

መሀል ላይ ግን አንድ ስህተት ሠራ። ተናዶ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ የዋሌቱን አርማ የለጠፉ ሦስት «ሰፖርት» ነን ባዮች በውስጥ መስመር ገቡለት። አንዱ እንደውም በአማርኛ፣ በጣም ትሁት፣ «ወንድሜ፣ 12ቱን ቃላት ላክልኝና አሁኑኑ ላስተካክልልህ»። 12ቱ ቃላት የዋሌቱ ሚስጥራዊ መክፈቻ ናቸው፤ እነሱን መስጠት ቦርሳውን ከነገንዘቡ መስጠት ነው፤ እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅም። ብሎክ።

ሽያጩ ይብሳል። በሦስተኛው ቀን ሜክሲኮ ቢሮዬ መጥቶ «እንሽጠው በቃ» አለ። ሲሸጥ ሻጭ የነበረው ድርጅት ገዢ ይሆናል፤ የኮይን መቀበያ አድራሻ ይሰጥና «ይህን ያህል፣ በዚህ ኔትወርክ፣ በዚህን ያህል ደቂቃ ውስጥ ላክ» ይላል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ገንዘቡ በሚገባባቸው ባንኮች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ባንክ የለም፣ የእሱ ግን አለ። ላክ የሚለውን ሲጫን አልሄደም። ለምን? ዩኤስዲቲው ያለው ትሮን በሚባል ኔትወርክ (ኮይኑ በሚላክበት መስመር) ላይ ነው፤ እዚያ የመላኪያ ዋጋ የሚከፈለው በራሱ በትሮን ኮይን ነው። እሱ ደግሞ አንድም ትሮን የለውም። ኪሱ ውስጥ መቶ ብር ኖት ይዞ ዝርዝር አጥቶ ታክሲ በር ላይ የቆመ ሰው መሰለኝ። ትንሽ ትሮን ብቻ እንዳይገዛ ዝቅተኛው ግዢ 30 ዶላር ነው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ገዛ። መጀመሪያ ዩኤስዲቲውን ሲገዛ «ለመላኪያ ትንሽ ትሮን ያስፈልግሃል» ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው አንድ መስመር ቢኖር ምን ነበረበት? እኔ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይኼ ነው። ዋሌቱ ያውቃል እኮ።

ለግዢው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ የውጭ ካርድና የሚሠራ ስልክ ቁጥር ላለው ሰው ይሠራል፣ ውድ ቢሆንም። ለሽያጩ አንድ። አንዷንም የሰጠሁት ኮይኑ የተቀጠረው ሰዓት ሳያልቅ ስለደረሰ ነው።

ቨርጂኒያ ከገባ በኋላ ስክሪንሾት ላከልኝ። 90 ዶላር ከ60 ሳንቲም ባንክ ገብቷል። «ትሮኑስ?» አልኩት።

«እዚያው ተቀምጧል» አለኝ። «ለመሸጥ ዝቅተኛው 30 ዶላር ነው፤ የቀረኝ 22 ነው።»