የፓሪስ–ሬን ባቡር፣ እንደ ቢሮ ሲገመገም

ማክሰኞ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሞንፓርናስ ጣቢያ ነኝ። ቤቴ ፓሪስ፣ እንጀራዬ በምዕራብ ፈረንሳይ ሬን ከተማ። ፈረንሳዮች እንደኔ ያለውን የዩኒቨርሲቲ መምህር «ቱርቦ ፕሮፍ» ይሉታል። በፈጣን ባቡር ሄዶ፣ አስተምሮ፣ ማታ የሚመለስ ማለት ነው። ትንሽ ሽሙጥም አለበት። ዓመታት ስለተመላለስኩበት ይሄን ባቡር ልገምግመው ብዬ ነው። እንደ መጓጓዣ ሳይሆን እንደ ቢሮ።

ቢሮ የምለው ወድጄ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለኝን ክፍል ለአራት ነው የምንጋራው። አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዷ ተማሪ ታነጋግራለች፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ይጮኻል። ባቡሩ ላይ በር የሚያንኳኳ የለም።

በጠረጴዛው ልጀምር። ከፊት ወንበር ጀርባ የሚዘረጋው ለላፕቶፕ ይበቃል፣ ለእርማት ግን አይሆንም። የፈረንሳይ የፈተና ወረቀት እጥፍ ነው፣ ሲከፈት ጋዜጣ ያክላል። የተማሪው ስም ጥጉ ላይ ታጥፎ ስለሚታሸግ የማንን እንደማርም አላውቅም። ስለዚህ አራት ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥበትን፣ መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ያለውን ቦታ እመርጣለሁ። ችግሩ ተመልካች አለው። አንድ ቀን ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ 7 ከ20 ስጽፍ አይተው፣ «ማዳም፣ ትንሽ ይጨምሩለት እንጂ» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። «ለ ማን» የምትባለዋን ከተማ ስናልፍ ግን ወረቀቱን መልሼ አነበብኩት። 8 ሆነ። ማለፊያው 10 ነው፤ ቢሆንም የአንዱ ትምህርት ውጤት የሌላውን ስለሚያካክስ አንድ ነጥብ ቀላል አይደለችም።

ፍጥነቱን ሁሉም ያደንቃል። እንደ ፈረንጆቹ በጁላይ 2017 አዲሱ ሐዲድ ሳይከፈት ጉዞው ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። አሁን ፈጣኑ በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይደርሳል። ባቡሩ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር ይበራል። አገሩ በሙሉ ሲደሰት እኔ በየጉዞው የአምስት ወረቀት ማረሚያ ጊዜ ከሰርኩ።

ይሄ ቀልድ የሚመስለው ሂሳቡን ለማያውቅ ነው። ሕጉ በዓመት 192 ሰዓት አስተምሩ ይላል። አዳራሽ ውስጥ የምሰጠው የአንድ ሰዓት ሌክቸር እንደ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆጠርልኛል። ጎረቤቴ ስትሰማ «በዓመት? ምን አለብሽ አንቺ!» አለችኝ። እርማት ለብቻው እንደማይቆጠር አልነገርኳትም። የሥራችን ግማሽ ምርምር እንደሆነም ተጽፏል። መቼ እንደሚሠራ ግን አልተጻፈም።

ዋይፋዩ ደካማ ነው። እኔ ይሄን ከጥሩ ጎኑ ነው የምቆጥረው፣ ኢሜይል አይደርስብኝም። ሶኬት አለ። ቡናው ውድ ነው፣ ስለ ጣዕሙ ዝም ልበል። ፔርሙዝ ያዙ።

ዋጋው ያማል። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ መንግሥት ለሠራተኞቹ የትራንስፖርት ደንበኝነት ክፍያ 75 በመቶውን ይመልሳል፣ ግን ጣሪያ አለው። ጣሪያው ለከተማ አውቶቡስ እንጂ ለዚህ ባቡር የታሰበ አይመስልም።

በጠቅላላው 14 ከ20 እሰጠዋለሁ። እዚህ አገር 14 ያገኘ ተማሪ ለእናቱ ይደውላል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጥፋቱ የኔው ነው። አምና ጃንዋሪ፣ የፈተና ሰሞን፣ ማታ ደክሞኝ ሞንፓርናስ ወረድኩ። የሜትሮው ደረጃ ላይ ስደርስ ትከሻዬ ቀለለኝ። 64 የፈተና ወረቀት የያዘው ሰማያዊ ከረጢት መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። ቅጂ የለው ምን የለው። በታኮ ጫማ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ስደርስ ጽዳት ሠራተኞቹ ገብተዋል። አንዲት ሴት ከረጢቴን ከቆሻሻው ፌስታል ጎን፣ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች።

«ቀይ እስክሪብቶ አየሁበት» አለችኝ፣ «አስተማሪ ይመጣል ብዬ አልጣልኩትም።»

ከረጢቱ ከዚያ ወዲህ እግሮቼ መሃል ነው የሚጓዘው። ለላይኛው መደርደሪያ፦ 0 ከ20።