የተሰበረ ቡሎን፦ በኤክስትራክተር ወይስ ዳዶ በይዶ?

የጭስ ማውጫ ማኒፎልድን (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) የሚያስሩ 8 ሚሊሜትር ቡሎኖች ከሙቀትና ከዝገት ብዛት ይነክሱና ሲፈቱ አንገታቸው ይቀነጠሳል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ የቀረውን እንዴት እናውጣ?

አንዱ መንገድ መሃሉን በድሪል በስቶ ግራ ጥርስ ያለውን ኤክስትራክተር (ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሲዞር ስባሪውን ነክሶ የሚያወጣ መሣሪያ) ማስገባት ነው። ርካሽ ነው፤ ቡሎኑ ጠልቆ ቢሰበርም ይሠራል። ግን ኤክስትራክተር እጅግ ደረቅ ብረት ስለሆነ ሲያስገድዱት እንደ ጠመኔ ቅንጥስ ይላል፤ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ተራ ፑንታ (የድሪል መብሻ) አይበሳውም። አንድ የነበረው ጣጣ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ቀዳዳው መሃሉን ከሳተም የቴስታታው ጥርስ ይበላል።

ሌላው ስባሪው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በመሃሉ መበየድ ነው። ጫፉ ብቅ ካለ እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ ብየዳው ለቁልፍ መያዣ ከመስጠቱ በላይ ሙቀቱ ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል። ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ማጥበቅ፣ ትንሽ መፍታት፣ እንዲህ እያሉ ማለማመድ። የመጀመሪያው ዳዶ ቢነቀል አይግረማችሁ፣ ድገሙት። ቴስታታው አልሙኒየም ቢሆን እንኳ የብረት ብየዳ በቀላሉ አይጣበቅበትም። ባትሪውን ሳትነቅሉ ግን እንዳትበይዱ፤ አጠገቡ የነዳጅ መስመር ካለም ድሪሉ ይሻላል።