አዳማ ላይ ሻፍት ለምታሠሩ፦ «መስታወት አድርጌዋለሁ» ሲሏችሁ ቀሪውን ክፍያ ያዙ

አዳማና አካባቢዋ ወፍጮ፣ የመኖ ማቀላቀያ፣ የብሎኬት ማሽን ወይም ማርሽ ያለው ማንኛውም ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። እኔ የከሰርኩትን እናንተ እንዳትከስሩ ነው የምጽፈው። የሠራልኝን ቤት ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ነገሩ የእኔና የአንድ ቤት ጠብ ይሆናል። ይህ ዓይነት ሥራ ግን ሌላ ቦታም ሊገጥማችሁ ይችላል።

የዶሮና የከብት መኖ አቀላቅዬ እሸጣለሁ። የማቀላቀያው ማርሽ ሳጥን ላይ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት፣ ማለትም የሚዞር የብረት ዘንግ፣ አለ። ሻፍቱ ከሳጥኑ በሚወጣበት ቦታ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ኦይል ሲል የምንለው ነው። የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቁታላችሁ። አቧራው ከጎማው ከንፈር ሥር እየገባ ሻፍቱን ለዓመታት ሲፈጨው ኖሮ ቦይ አወጣበት። ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። የሚንጠባጠበው ደግሞ መኖው አጠገብ ነው። የሰው ዶሮ የሚበላው ነገር አጠገብ የማርሽ ዘይት ጠብ ሲል እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሻፍቱን አስፈትቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው። «እትዬ፣ አይጨነቁ። በብየዳ ሞልቼ፣ መስታወት አድርጌ ነው የምሰጥዎት» አለኝ። በ6,500 ብር ተስማማን። ቀጥሎም «በመሣሪያ ተለክቶ ወረቀት እንዲሰጥዎት ከፈለጉ 800 ብር ይጨምራሉ» አለ። ደስ እያለኝ ጨመርኩ። ዕቃውን ስረከብ ሻፍቱ ያብረቀርቃል። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ «አር-ኤ 0.4 ማይክሮሜትር» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም፤ ቁጥርና ማኅተም ካለው ግን የተሠራ ነገር ነው ብዬ አመንኩ።

በዘጠነኛው ቀን ዘይቱ ጠብ አለ። ስደውል «ኦይል ሲሉ ጥራት የለውም» ተባልኩ። ቀየርኩት። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ደግሞ ቀየርኩ። ሦስት ኦይል ሲል፣ ሦስት ጊዜ የመካኒክ ክፍያ፣ ሦስት ጊዜ የቆመ ሥራ። በዚህ መሃል ከሞጆ የሚመጣ አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ መግዛት ጀመረ። በእሱ አልፈርድም።

ያዳነኝ ብረታ ብረት ሥራ የሚያስተምር ጎረቤቴ ነው። ወረቀቱን አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የተለካው የሻፍቱ የትኛው ቦታ ላይ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱም መልስ አልነበረውም።

በማግስቱ በእጅ የሚያዝ የሻካራነት መለኪያ ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ ዓይን የማያየው ሹል አልማዝ አለ። አልማዙ ብረቱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጎተታል፤ ሲጎተት ወጣ ገባውን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሣሪያው ያንን ይመዘግባል። የሚናገረው በማይክሮሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራሳችን ፀጉር ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል። እንግዲህ የምናወራው ፀጉር ላይ እንኳ ሊታይ ስለማይችል ጭረት ነው።

መምህሩ ከመለካቱ በፊት መሣሪያውን አብሮት በሚመጣ ናሙና ሳህን ላይ ሞከረው። ሳህኑ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ተጽፏል፤ መሣሪያው ያንኑ ካላነበበ ሌላው ንባቡም አይታመንም። ከዚያ ኦይል ሲሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ሻፍቱን እያዞረ ሦስት ቦታ ለካ። 1.3፣ 1.2፣ 1.4። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን የኩሽኔታ መቀመጫ ለካ። እሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ማንም ያልነካው ቦታ ነው። 0.4።

ወረቀቴ ላይ ያለው ቁጥር ያ ነበር። የከፈልኩበትን ቦታ ሳይሆን ያልተነካውን ለክተው ነው የሰጡኝ። ሆን ብለው ይሁን በግዴለሽነት እኔ አላየሁም፤ ያየሁትን ቁጥር ነው የምነግራችሁ።

አሁን ስለ አር-ኤ የገባኝን ላካፍላችሁ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አር-ኤ አማካይ ነው። ጉብታውና ጎድጓዳው ከመሃል መስመር በአማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ጉብታ ይብዛ ጎድጓዳ ግን አይናገርም። መምህሩ በእንጀራ አስረዳኝ። የእንጀራ ገጽ ለጥ ያለ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ታች የገቡ ናቸው። አሁን ያንን ገልብጣችሁ አስቡት፤ ዓይኑ ሁሉ ወደ ላይ የወጣ ሾጣጣ ቢሆን። የሁለቱ አማካይ አንድ ሊሆን ይችላል። ጎማ ሲሄድበት ግን አንዱ ዘይት ይይዝለታል፣ ሌላው እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለዚህ ነው አር-ዜድ የሚባል ሌላ ቁጥር አብሮ የሚጠየቀው። እሱ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጎድጓዳው ሥር ያለውን ቁመት ይወስዳል፤ አንድ መጥፎ ጭረት እንደ አማካዩ በቀላሉ አይሸሸግበትም።

ለኦይል ሲል መቀመጫ የሚፈለገው አር-ኤ ከ0.2 እስከ 0.8፣ አር-ዜድ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው። ሁለቱንም ጫፍ ልብ በሉ። ከ0.8 በላይ ሲሆን ጎማው እየተበላ ያልቃል። ከ0.2 በታች ሲወርድ ደግሞ ዘይት የሚይዝ ጎድጓዳ ይጠፋል፤ ጎማው በደረቁ ይፈተግና ይቃጠላል። ስለዚህ «መስታወት» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ቦታ ትክክለኛ ሥራ አይደለም። በደንብ ቢሠራልኝ እንኳ ይበላሽብኝ ነበር።

ብልጭታው ከየት መጣ? ከብርጭቆ ወረቀት። ሻፍቱ ቶርኖ ላይ እየዞረ ወረቀቱ ሲያዝበት የጉብታዎቹ ጫፍ ይላጋል፣ ብርሃን ይመልሳል። ከሥር ያለው የመቁረጫው ዱካ ግን እንዳለ ነው። ዱካው ደግሞ ቀለበት ሳይሆን ጥምዝ ነው፤ እንደ ብሎን ጥርስ። ቶርኖ ሻፍቱን እያዞረ መቁረጫውን ወደ ጎን ስለሚነዳው ሌላ ሊሆን አይችልም።

የእኔን ዘይት ያፈሰሰው ይህ ጥምዝ ነው። ሻፍቱ ሲዞር የማይታየው ብሎን ዘይቱን ከጎማው ሥር እየገፋ ያወጣዋል፤ ልክ እንደ ፓምፕ። አዟዟሩ ወደ ሌላው ጎን ቢሆን ኖሮ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሰውና ጎማው በደረቁ ያልቅ ነበር። አዲስ ኦይል ሲል ብትቀያይሩ ይህን አያስቆመውም። ሦስቱንም በከንቱ ነው የጣልኳቸው።

ይህን እናንተም ያለ መሣሪያ ልታዩት ትችላላችሁ። ቶርኖው ላይ ሻፍቱ ሳይወርድ አሠሩት። ሻፍቱ ተጠርጎ ቀጭን ዘይት ይቀባል። ክር ከላዩ ይጣልና ጫፉ ላይ 30 ግራም ያህል የሚመዝን ነገር ይንጠለጠላል። ሻፍቱ አግድም ልክ ሆኖ በቀስታ ይዞራል፤ በደቂቃ 60 ዙር ገደማ ይበቃል። ክሩ ባለበት ከቆመ መልካም። ወደ ጎን ከሄደ አዟዟሩን ገልብጡት። አሁን ክሩ ወደ ተቃራኒው ከሄደ ጥምዝ አለ ማለት ነው። በሁለቱም አዟዟር ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄደ ግን ሻፍቱ አግድም ልክ አልሆነም ወይም ወደ አንድ ጫፍ ቀጥኗል። የእኔ ሻፍት ላይ ክሩ እንደ ጉንዳን ሲጓዝ ቆሜ አየሁት። ስገለብጠው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለማንም መከራከር አላስፈለገኝም።

ለምን እንዲህ ይሠራሉ? ጊዜ ነው። መቁረጫው በአንድ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር እየተጓዘ፣ የጫፉ ክብ ራዲየስ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የሚተወው ሸንተረር ቁመት በስሌት 6 ማይክሮሜትር ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጉዞው በራሱ ተባዝቶ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ይካፈላል። ጉዞውን በግማሽ ብትቀንሱት ሸንተረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሥራው ግን እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ጊዜውን ለመቆጠብ ብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። ይህን ስጽፍ የቶርኖ ሠራተኞችን መናቄ አይደለም። ይህች ከተማ የምትንቀሳቀሰው በእነሱ እጅ ነው። በሚሽከረከር ድንጋይ ብረቱን እየፋቀ የሚያለሰልሰው ግራይንደር ውድ ማሽን ነው፤ ሁሉም ቤት ሊኖረው አይችልም። የሌለው ሰው ግን «የለኝም» ይበለን።

በነገራችን ላይ ወረቀቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ተለክቶም ሊያታልል ይችላል። መሣሪያው ላይ ከት-ኦፍ የሚባል ማስተካከያ አለ፤ መለኪያው ስንት ስፋት ያለውን ሞገድ እንደ ሻካራነት እንደሚቆጥር ይወስናል። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚገባው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ አልማዙም አምስት እጥፉን፣ 4 ሚሊ ሜትር ይለካል። መምህሩ ወደ 0.25 ለወጠውና እዚያው ቦታ ለካ። 1.3 የነበረው 0.9 ሆነ። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። የመለኪያው አቅጣጫም እንዲሁ ነው፤ አልማዙ ጭረቱን ማቋረጥ አለበት። ሻፍት ላይ ይህ በቁመቱ ማለት ነው። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ግን በጭረቱ ቦይ ውስጥ ርዝመቱን ቢነዱት ለስላሳ ነው ብሎ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ እንዲህ አስጽፉ፦ የኦይል ሲል መቀመጫ፣ አር-ኤ ከ0.2 እስከ 0.8፣ አር-ዜድ ከ1 እስከ 5፣ ከት-ኦፍ 0.8፣ ጥምዝ ጭረት የሌለው፣ በግራይንደር የተጨረሰ። «ይህማ ምን ያስፈልጋል» ካሏችሁ ሻፍታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሲለካ እዚያው ቁሙ። የናሙና ሳህኑን አስቀድመው እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። የክሩ ሙከራ ሳይሠራ ቀሪውን ገንዘብ አትስጡ።

ሌላም አለ። ሁሉም ቦታ እንዲህ መለስለስ የለበትም። የሳጥኑ ውጭ፣ ማንም የማይነካው ጫፍ፣ አር-ኤ 3.2 ወይም 6.3 ቢሆን ምንም አይጎዳችሁም። ሻፍቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለስልሼዋለሁ ብሎ የሚያስከፍል ካለ ለማትጠቀሙበት ነገር እየከፈላችሁ ነው።

ወደ ቶርኖ ቤቱ ተመልሼ ሁለቱንም ቁጥር አሳየኋቸው። የወረቀቱን 800 ብር መለሱልኝ። ለሥራው የከፈልኩትን፣ ለኦይል ሲሎቹና ለቆመው ቀን ግን «እኛን አይመለከትም» አሉ። ደረሰኜ ላይ «ሻፍት ሥራ» ከሚል በቀር ምንም ስላልተጻፈ የምይዛቸው ነገር አጣሁ።

ሻፍቱን ሌላ ቤት ነው ያስተካከልኩት። ብየዳውን አነሱት፣ የብረት ቀለበት በግፊት አስገቡበት፣ ከዚያ በግራይንደር ወደ 45 መለሱት። የግራይንደሩ ድንጋይ ወደ ጎን ሳይጓዝ ቀጥ ብሎ ነው የገባው፤ መጨረሻ ላይ ፍንጣሪው እስኪጠፋ ድረስ ሳይጨምሩ ተዉት። ባለሙያው ክሩን ሳልጠይቀው ራሱ አመጣ። ክሩ አልተንቀሳቀሰም። መለኪያው 0.5 አነበበ። ሥራው ከገባ አምስተኛ ወሩ ነው፤ ማርሽ ሳጥኑ ሥር ዘይት እንዲቀበል ያስቀመጥኩትን ቆርቆሮ አንስቼዋለሁ።