የጂግሶው የፊሺንግ መለማመጃ፦ ከእናቴና ከጎረቤቶቻችን ጋር ሞክረነው

ሐሰተኛ ኢሜይል ልኮ የሰውን የይለፍ ቃል መንጠቅ፣ ማለትም ፊሺንግ፣ ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ተማሪው ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ምኑን ማየት እንዳለበት ማስለመድ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን ለመከላከል የሚሠራው ጂግሶው የተባለ ቡድን፣ የጉግል እናት ኩባንያ በሆነው በአልፋቤት ሥር ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ያወጣው ነፃ መለማመጃ ይህን ሥራ እስካሁን ከሞከርኳቸው ማስተማሪያዎች ሁሉ በተሻለ ሠርቶልኛል። ከእናቴና ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እኔ እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላቸው፣ እስከ መጨረሻው ሠርተነዋል።

መለማመጃው አስቀድሞ ስምና የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል። መልእክቶቹ ለተማሪው በስሙ የተላኩ እንዲመስሉ ስለሚጠቀምበት ነው እንጂ እውነተኛውን አይፈልግም፤ የፈጠራ ስም ይበቃል። እናቴ ግን «ለምንድን ነው የሚጠይቀኝ?» ብላ እጇን ሰበሰበች። ትምህርቱ ሳይጀመር ዋናውን ጥያቄ በመጠየቋ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ስምንት ኢሜይሎች በተራ ይመጣሉ፤ ተማሪው እያንዳንዱ እውነተኛ ወይም ማጭበርበሪያ መሆኑን ይወስናል፤ መልሱን እንደሰጠም ምልክቶቹ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ በአንድ እየተጠቆሙ ይብራሩለታል። የመጀመሪያው ኢሜይል አንድ ሰነድ እንዲከፈት ይጋብዛል፤ ሦስቱም እውነተኛ ነው አሉ። ማውዙን ሊንኩ ላይ ሳይጫኑ ሲያሳርፉት ግን በአድራሻው ውስጥ «ድራይቭ» እና «ጉግል» የሚሉት ቃላት በነጥብ ሳይሆን በሁለት ሰረዝ የተያያዙ መሆናቸው ታየ። ያ አድራሻ የጉግል አይደለም፤ ማንም ሰው ሊያስመዘግበው የሚችል ሌላ ስም ነው። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን፤ የድረ ገጽን ባለቤት የሚለየው በአድራሻው መጀመሪያ ላይ የሚታየው የታወቀ ስም ሳይሆን ከ«ኮም» አጠገብ ያለው ቃል መሆኑን በወረቀት ላይ ደጋግመን ጻፍነው።

ይበልጥ የወደድኩት ከስምንቱ መካከል እውነተኛ መልእክቶችም መኖራቸውን ነው። ሁሉንም «ሌባ ነው» የሚል ሰው ነገ ከባንኩ የሚመጣለትን ትክክለኛ ማስጠንቀቂያም ሊንቀው ይችላል፤ መለማመጃው ይህን ዓይነቱን ስሕተትም እንደ ስሕተት ይቆጥራል። አዘጋጆቹ ይዘቱን ወደ 10,000 ለሚጠጉ ጋዜጠኞች፣ የመብት ተሟጋቾችና የፖለቲካ መሪዎች ከሰጡት ሥልጠና የቀዱት ነው። የተማረ ሰውም እንደሚታለል ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር ጆን ፖዴስታ «የይለፍ ቃልህን ሰው አግኝቶታል» በሚል ሐሰተኛ የጉግል ማስጠንቀቂያ የኢሜይል ሣጥኑን መነጠቁን ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ በስሕተታቸው ማፈራቸውን ተዉት።

ይሁን እንጂ መለማመጃው የኢሜይል ነው፤ የእናቴ ዓለም ደግሞ ቴሌግራምና ቴሌብር ነው። እሷን የሚያሰጋት በሌላ ሰው አካውንት የገባ ሌባ የዘመድ ስም ይዞ «በስሕተት ወደ አንቺ የተላከውን ኮድ ላኪልኝ» ማለቱ፣ ወይም ደውሎ የሚስጥር ቁጥሯን መጠየቁ ነው። በስልክ ላይ ደግሞ ማውዝ የለም፤ ሊንኩን ጫን አድርጎ ይዞ አድራሻውን ማየት ለብቻው መማር ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ መለማመጃውን ለብቻው ለጀማሪ ሰጥቶ መሄድን አልመክርም፤ ቋንቋውን የሚያውቅና የሚታገሥ ሰው አጠገብ መቀመጥ አለበት። በኢሜይል ለሚሠራ የቢሮ ሠራተኛ ግን እንዳለ ይበቃል።

እኛ ስምንቱን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ላፕቶፑን ዘግተን በሦስቱም ስልኮች ላይ የቴሌግራምን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ለመግባት ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን መከላከያ፣ አበራን፤ የይለፍ ቃሉን እያንዳንዳቸው እኔ ሳላይ በራሳቸው መረጡ።