ሞሮዊንድ ከወራት ጨዋታ በኋላ፦ መንገድ የሚጠቁም ቀስት የማያሳይ ጌም

ማንበብ የማይሰለቸው ሰው ይግዛው። ሰይፍ መዝዞ ወዲያው መፋለም የሚያምረው ግን ብሩን ለሌላ ጌም ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። እኔ ከክረምቱ ጀምሮ ማታ ማታ እየተጫወትኩት ነው። ዋናውን ታሪክ ገና አልጨረስኩም፤ አልቸኮልኩምም።

ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ ጌሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የገዛሁት ትራይቡናልና ብለድሙን የሚባሉት ሁለቱ ተጨማሪዎች ያሉበትን ጥቅል ነው። ሲወጣ የጠየቀው 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለነበር በአሮጌ ላፕቶፕም አይጨነቅም። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የዳታ ጥቅል እየቆጠረ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እስረኛ ሆናችሁ ሴይዳ ኒን በምትባል ረግረጋማ መንደር ከመርከብ ስትወርዱ ነው። ባልሞራ ከተማ ላለው ካየስ ኮሳደስ አንድ ጥቅል አድርሱ ትባላላችሁ። ሰውየው ሸሚዝ ያልለበሰ ሽማግሌ ይመስላል እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ ሰላይ ነው። ጥቅሉን ተቀብሎ 200 ድሬክ (የጌሙ ገንዘብ) ይሰጣችሁና ሥራ ፈልጋችሁ፣ ማኅበር ገብታችሁ፣ ልምድ አግኝታችሁ ተመለሱ ይላችኋል። ዋናውን ተልዕኮ የያዘው ሰው ራሱ ሂዱና ዙሩ ሲል ሌላ ጌም ላይ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ ቀስት የለም። ካርታው ላይ የሚበራ ነጥብም የለም። ሃስፋት አንታቦሊስ የሚባል የባልሞራ ሰው አርክንግታንድ የተባለውን ፍርስራሽ ሲጠቁማችሁ የካልዴራ ከተማን መንገድ፣ ዳገቱን፣ ዱዌመር የሚባሉት የጠፉ ሕዝቦች የሠሩትን አሮጌ ድልድይ፣ በሩን የሚከፍተውን ቧንቧ ላይ ያለ እጀታ በጽሑፍ በሚታየው ንግግሩ ይነግራችኋል፤ የቀረው የእናንተ ዓይን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም፦ አደባባዩን አልፈህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ግራ፣ ኪዮስኩ ጋ ስትደርስ ደውል። እዚህ ግን የሚደወልለት የለም። አንዳንዱ መንገድ ጠቋሚ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራቡን ያምታታል፤ ይህንንም ከአካባቢው ሰው እንደመስማት ቆጥሬ ለምጄዋለሁ። መንገድ ስፈልግ ያገኘኋቸው ዋሻዎችና መቃብሮች ከተላክሁባቸው ቦታዎች ይበልጣሉ፤ ጌሙን የወደድኩትም ለዚህ ነው።

የማስታወሻ ደብተሩ ግን ያናድዳል። የሰማችሁትን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፤ በተልዕኮ ከፍሎ ማየት የተቻለው ትራይቡናል ከመጣ ወዲህ ነው። አሁንም ቢሆን እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገቤ አስቀምጣለሁ።

ውጊያው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው። ሰይፉ ጠላት ላይ ሲያርፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ጌሙ ግን በውስጡ ዕጣ ጥሎ ሳተ ይላል። ሩጫ አቅም ይጨርሳል፣ አቅም ያለቀበት ደግሞ ይበልጥ ይስታል። ስለዚህ ገጸ ባህሪ ስትፈጥሩ አንድ የመሣሪያ ችሎታ ዋና አድርጋችሁ ምረጡ፣ ጠላት ጋ ከመድረሳችሁ በፊትም ትንፋሽ ሰብስቡ። ክሊፍ ሬሰር ስለሚባሉት በራሪዎች ምንም አልልም፤ የተጫወተ ሁሉ ይራገማቸዋል።

እርምጃችሁ መጀመሪያ ላይ ዘገምተኛ ነው። ሲልት ስትራይደር የሚባለው ግዙፍ ነፍሳት፣ ጀልባውና የጠንቋዮች ማኅበር ከከተማ ከተማ ያደርሷችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። መፍትሔው ካልዴራ አካባቢ የምትገኝ ፔመኒ የምትባል ሴት ጋ አለ። ግናር ሞክ እስከምትባለው መንደር ድረስ ካጀባችኋት የምትሰጣችሁ ጫማ በጣም ያፈጥናል፣ ግን ዓይን ያጠፋል። ብሬተን ከሚባለው የጌሙ ዘር ሆናችሁ ከተጫወታችሁ አስማትን በግማሽ ስለምትቋቋሙ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ጫማውን በምታደርጉበት ቅጽበት ሌላውን ግማሽ በድግምት ከሞላችሁት ደግሞ ዓይናችሁ ጨርሶ አይነካም።