ፔክስ፦ አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች የሥዕል ደብተር ምን ያህል ይጠቅማል?

በሥዕል ልውውጥ የመግባቢያ ዘዴ፣ በአጭሩ ፔክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ደላዌር ግዛት በአንዲ ቦንዲና በሎሪ ፍሮስት የተቀየሰ ነው። መጀመሪያ የተሠራበት ኦቲዝም ላለባቸው፣ ለትምህርት ቤት ላልደረሱ ሕፃናት ነበር። ዛሬ አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች፣ እንዲሁም ቃል እያላቸው በቃሉ መጠየቅ ለማይሆንላቸው ልጆች ይውላል። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንሥቶ ለሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ሥዕሉን ወስዶ ነገሩን ይሰጠዋል። ሥዕልን በጣት ከማመልከት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ የግድ ሰው ፈልጎ መሄድ አለበት። ለመምህሩ ትልቁ ደስታም ይኸው ነው። ማንንም ቀና ብሎ የማያይ ልጅ፣ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ሲመጣና ሥዕሉን መዳፍ ላይ ሲያኖር ድካሙ ሁሉ ይረሳል።

ዕቃው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ባለ ቀለበት ደብተር፣ ቬልክሮ የተለጠፈባቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ገጾች፣ ሥዕሎች ጎን ለጎን የሚለጠፉበት ተነቃይ የዓረፍተ ነገር ሰሌዳና እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲሜትር ያህል የሆኑ ሥዕሎች ናቸው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደብተር ጥንካሬ አለው፤ በጥንቃቄ በእጅ የተሠራውም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። በእጅ ሲሠራ የቬልክሮው ለስላሳ ጎን ሁልጊዜ ደብተሩ ላይ፣ ሻካራው ሁልጊዜ ሥዕሉ ጀርባ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከተገላበጠ አይያያዝም። ቬልክሮው መላውን ጀርባ ከሸፈነ ጣቱ የደከመ ልጅ ሊያላቅቀው አይችልም፤ መሐል ላይ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ላሚኔት ሲደረግ ደግሞ በወረቀቱ ዙሪያ ጥቂት ሚሊሜትር ፕላስቲክ መተው አለበት፤ አለዚያ ምራቅና ውኃ እየገባ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል። የእያንዳንዱ ሥዕል ቅጂ ሁለት ሦስት ይሁን፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚያልቀው ልጁ አብልጦ የሚወደው ነው።

ውድ የሚሆነው የሰው ጉልበት ነው። ዘዴው በስድስት ደረጃዎች ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት አዋቂዎችን ይጠይቃል። አንዱ ልጁ የሚወደውን ነገር ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ይረዳል። ረዳቱ አይናገርም። ልጁ እጁን ወደ ዕቃው እስኪዘረጋ ይጠብቅና፣ ሲዘረጋ እጁን ይዞ ሥዕሉን እንዲያነሣ፣ እንዲያሻግርና መዳፍ ላይ እንዲለቅ ያግዘዋል። ተቀባዩ ሥዕሉ እንደደረሰው፣ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ፣ የዕቃውን ስም እየጠራ ይሰጠዋል። እገዛው የሚነሣው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ መልቀቁን ለልጁ መተው፣ ከዚያ ማሻገሩን፣ በስተመጨረሻ ማንሣቱን። ረዳት የሌላት መምህር ብቻዋን ልትሞክር ትገደዳለች፤ ያኔ የራሷ እጅ እየጎተተው ስለሚሰጣት ልጁ ራሱ መጀመርን ሳይማር ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ሥራውን የሚያበላሸው የመምህሩ አንደበት ነው። «ምን ትፈልጋለህ?»፣ «ሥዕሉን ስጠኝ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ልጁ ግን ጥያቄ ካልሰማ መጠየቅ እንደሌለበት ይማራል። ይህ ጥያቄ የሚመጣው በአምስተኛው ደረጃ ነው። መዳፍን አስቀድሞ መዘርጋትም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። መዳፉ የሚከፈተው ልጁ ከጀመረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ርቀትና ጽናት ነው። ተቀባዩ በጥቂት በጥቂቱ ይርቃል፤ ደብተሩም ከልጁ እንዲሁ ይርቃል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማራቅ ልጁን ያስቆመዋል። እዚህ ላይ በብዙ ክፍሎች የሚታይ ችግር አለ፦ ደብተሩ እንዳይቀደድ ተብሎ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህ የልጁን አፍ መሸበብ ነው። ደብተሩ የልጁ ነው፤ በማንጠልጠያ ይዞት ይዙር፣ ወደ ቤትም ይዞት ይሂድ።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ሥዕሎችን መለየት፣ ትዕግሥትን ይፈትናል። የሚጀመረው በጣም በሚወደውና ደንታ በማይሰጠው ነገር፣ ለምሳሌ በኳስና በካልሲ ነው። የካልሲውን ሥዕል ከሰጠ ካልሲውን ይቀበል። ሲያማርር ትክክለኛውን ሥዕል ማሳየት፣ አግዞ ማሰጠት፣ ከዚያ ልጁ በሚችለው ሌላ አጭር ሥራ ማዘናጋት፣ ከዚያ እንደገና መሞከር። ማዘናጋቱ ከተዘለለ ልጁ የሚደግመው አሁን ያየውን ነው እንጂ ለይቶ አይደለም። የሥዕሎቹ ቦታ ካልተቀያየረም ሥዕሉን ሳይሆን «የቀኙን» ይማራል። ከዚያ ሁለት የሚወዳቸው ነገሮች ይቀርባሉ፤ ሥዕሉን ሲሰጥ «ውሰድ» ብሎ የትኛውን እንደሚያነሣ መመልከት ብቸኛው እውነተኛ ፈተና ነው። ካልሆነለት አንደኛውን ካርድ ባዶ ማድረግ ወይም ሥዕሉን ማተለቅ ይረዳል። ማየት ለተሳነው ልጅ ግን ሥዕሉን በሚዳሰስ ዕቃ መተካት ግድ ነው።

በአራተኛው ደረጃ፣ ሥዕሎችን ሰሌዳው ላይ ደርድሮ ዓረፍተ ነገር በመሥራት፣ የአማርኛ ተናጋሪ መምህር የውጭውን መመሪያ እንዳለ ቢከተል ይሳሳታል። እዚያ የ«እፈልጋለሁ» ካርድ በስተግራ ተለጥፎ ልጁ የዕቃውን ሥዕል ያስከትላል። ለኛ «ኳስ እፈልጋለሁ» ስለሆነ ካርዱ በስተቀኝ መሆን አለበት። ተቀባዩ ሰሌዳውን ሲያነብ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ የሚጠብቀውም ጣት የኳሱ ሥዕል ላይ ካረፈ በኋላ፣ ስሙ ከመጠራቱ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ልጁ የሚሞላው ቃል ያ ነውና። ቢናገርም ባይናገርም ዕቃው አይከለከልም።

ወላጆች አብዝተው የሚፈሩት ሥዕሉ ንግግሩን ያስቀርበታል ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ፣ አጋዥ መግባቢያ (እንደ ሥዕልና የእጅ ምልክት ያለ፣ ንግግርን የሚደግፍ ዘዴ) ከተጠቀሙና በጠንካራ ማስረጃ ከተለዩ 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አላገኘም፤ አብዛኞቹ ጨምረዋል፣ ጭማሪው ግን መጠነኛ ነበር። ስለዚህ ፔክስን ያናግራል ብሎ መግዛት አይገባም። የሚያስተማምነው ለመጠየቅ ነው።

ጉድለቱም ከዚያው ይነሣል። ስድስተኛው ደረጃ፣ ያዩትንና የሰሙትን መናገር፣ ደካማ ነው፤ ልጁ «ወፍ አያለሁ» ሲል የሚያገኘው የሰው ፈገግታ ብቻ ነውና፣ ያ ላይበቃው ይችላል። «እርዱኝ»፣ «ማረፍ እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም» የሚሉትም ከስድስቱ ደረጃዎች ጎን ለብቻቸው ካልተማሩ ንክሻውና ጩኸቱ አይቀንስም። ጥያቄው በቀን ከ30 ጊዜ እንዳያንስ፣ ብስኩቱ በቁራጭ፣ አረፋው ሦስት ጊዜ ብቻ እየተነፋ ይሰጥ፤ የጠገበ ልጅ አይጠይቅም።

ልጁ መናገር ሲጀምር ደብተሩን ለመንጠቅ መቸኮል ይቅር። በደብተሩ 80 ሥዕል እየተጠቀመ በአፉ 10 ቃል ብቻ ካለው፣ ደብተሩ ሲወሰድ 70 ነገር መጠየቂያ ያጣል። ቃላቱ ሥዕሎቹን እስኪደርሱባቸው አብሮት ይቆይ።